ቀይ ቀለም የተቀባው መንጠቆ

እስቲ የኬርቱን ጋራዥ በር ተመልከቱት። ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ ይታያችኋል፤ ግቢ መግባት አያስፈልግም። ቆርቆሮው ላይ፣ ቆሞ የሚሠራ ሰው ጭንቅላት በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ቀዳዳ አለ። ጠርዙ እንደተከፈተ የሳርዲን ጣሳ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ጥይት አይደለም። ድብም አይደለም። የመኪና ሞላ ነው፣ ከጎማው በላይ ሆኖ መኪናውን የሚሸከመው ጥቅልል ብረት። ከውስጥ ተስፈንጥሮ፣ ቆርቆሮውን በስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በረዶው ገና ያልለቀቀው የድንች መደብ ላይ ነው ያገኘነው።

ከዚያ ሞላ መንገድ የአንዲት ሴት ፊት ገለል ብሎ ነበር። በአንድ ክንድ ርቀት ሳታት። ድንጋጤው እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም። ሰዎች «አለፈ እኮ፣ ተይው በቃ» ይሉኛል። አልተወውም። እንዴት ነው የምተወው? ሞላው ሲስፈነጠር አይደለም እኮ ነገሩ የጀመረው።

ኬርቱ ራውታኮርፒን ለማታውቋት ልንገራችሁ። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ነው የምኖረው። በመንደራችን በኮርፒኒቫ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ የእሷን የአተር ሾርባ በልቶ ነው ያደገው። ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ነኝ ብሎ አንገቱን የሚያቀናው ሰውዬ ሳይቀር «ትርፍ አለ?» እያለ ሳህን ይዞ ፊቷ ቆሟል። ትምህርት ቤቱ ልጅ አጥቶ ሲዘጋ ድስቶቹን ራሷ አጥባ፣ ደፍታ ደርድራ፣ ቁልፉን አስረክባ ወጣች። አላለቀሰችም። እኛ ፊት ማለቴ ነው።

ባሏ አልፖ የግንድ መኪና ሹፌር ነበር። በእኛ መንደር መኪናውን መካኒክ ጋ የሚወስድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከከተማ ነው የመጣው ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ፣ ቅዳሜ ማታ ሳውና፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። አልፖ መኪና ሥር ተጋድሞ እጁን ሲዘረጋ ቁልፍ የምታቀብለው ኬርቱ ነበረች። መጀመሪያ የቁልፉን ቁጥር እየነገራት፣ በኋላ ሳይነግራት፣ ከዚያም እሷ «አይ፣ ይኼ አይሆንህም፣ ትልቁን እንካ» እያለችው። የእሱ ጉልበት ሲደክም ቦታ ተቀያየሩ። እሷ ከሥር፣ እሱ ከላይ። ፍሬን ቀይራለች፣ አሞርዛተር ቀይራለች፣ አንድ ክረምት ደግሞ የሞተር ራስ አውርዳ የወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ስትፈቀፍቅ በዓይኔ አይቻለሁ። እራታችንን በሞተሩ ራስ ጎን በላን።

ከዚያ አልፖ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ በመጨረሻም ምድጃ ማጥፋት። አሁን ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ፦ አልፖ ከኬርቱ እጅ ካልሆነ አይበላም። ነርሶቹ ክፉ አይደሉም፤ ለምነውታል፣ ዘፍነውለታል፣ ማንኪያ ቀይረውለታል። ጥርሱን ገጥሞ በር በሩን ያያል። ኬርቱ ቀትር ላይ ስትገባ አፉን ይከፍታል። ስሟን ረስቷል፣ እጇን ግን አልረሳም። አውቶቡሱን ደግሞ መንገደኛ የለም ብለው ካቆሙት ቆይቷል። ስለዚህ መኪናዋ መኪና ብቻ አይደለችም። የአልፖ ምሳ ናት።

ሚያዝያ ላይ የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰና ኬርቱ አልፖን አብልታ ስትመለስ ምርመራ ጣቢያው ጎራ አለች። በዚያ ሰሞን የእኛ መንገድ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገር? በረዶው ከሥር ሲቀልጥ አስፋልቱ ያብጣል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ክረምቱን ሙሉ በረዶ ለማሟሟት የተረጨው ጨው ደግሞ ብረቱን ከሥሩ በልቶታል። ሞላ ባይሰበር ነበር የሚገርመው። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ግብር ሲቀበሉ ፈጣን ናቸው፤ ጉድጓድ ሲደፍኑ ግን ቀስ ይላሉ። ይህን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ዛሬ ያበሳጨኝ ሌላ ነው።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ደግ ልጅ። መኪናዋን ወደ ላይ አንስቶ በመብራት አሳያት።

«እማማ፣ ይህን ይዩት እስቲ።»

«አየሁት። ተሰብሯል።»

«ሲሰበር አልሰሙትም?»

«ጓ ሲል ሰምቻለሁ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩበት።»

ልጁ ሳቀ፤ ግን ወረቀቱ ላይ የሚጽፈውን ጻፈ። «ቤትዎ ድረስ ቀስ ብለው ይንዷት። ከዚያ ወዲያ ሞላው ሳይቀየር እንዳትንቀሳቀስ። ስባሪው ጎማውን ቢቀደው ጫካ ውስጥ ነው የሚገኙት።»

«ነገ ቀትር ላይ ከተማ መሆን አለብኝ።»

«መካኒክ ጋ ያስገቧት ታዲያ።»

«ጠይቄያለሁ። ወረፋው ግንቦት ነው አሉኝ። ባሌ እስከ ግንቦት አይጾምም፣ ልጄ።»

መለዋወጫ መደብር ገብታ ሁለት አዲስ ሞላ ገዛች። ሁለት፣ ምክንያቱም አንዱን ጎን ብቻ መቀየር አልፖ እንደ ነውር ነበር የሚያየው። ቤት እንደገባች ለካውኮ ደወለች። ካውኮ የአልፖ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ይኖራል። የመንደሩ በያጅ ነው፤ በታማኝነቱ ላይ ማንም ጥያቄ አንስቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ጓንት ወድቆ ቢያገኝ እንጨት ተክሎ ጫፉ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው፣ ባለቤቱ እንዲያየው።

የስልኩን ንግግር ኬርቱ ቃል በቃል ነግራኛለች። ደጋግሜ ስለጠየቅኳት ሰልችቷታል።

«ካውኮ፣ የፊት ሞላ ተሰብሮብኛል። ነገ በጠዋት እቀይረዋለሁ።»

«ቅዳሜ መጥቼ እሠራልሻለሁ።»

«አልፖ የሚበላው ነገ ነው እንጂ ቅዳሜ አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። በምን ትጨምቂዋለሽ ታዲያ?»

«በእኛው መጭመቂያ ነዋ። ጎረቤታችን ሳካሪ ተውሶት ነበር፤ መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎታል።»

ካውኮ ዝም አለ።

«ካውኮ? አለህ?»

«አለሁ» አለ። ትንሽ ቆየና «በይ በርቺ» ብሎ ዘጋው።

ኬርቱ ዳቦ እያኘከ መስሏት ነበር።

የሞላ መጭመቂያ ማለት ቀላል ዕቃ ነው። ሁለት ረጃጅም ብሎኖች፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት መንጠቆ። መንጠቆዎቹ ሞላውን ከላይና ከታች ይይዙታል፤ ብሎኑን እያፈራረቁ ሲያጠብቁት ሞላው እየተጨመቀ ያጥራል። ከዚያ ከአሞርዛተሩ፣ ሞላው ከተጠለቀበት ንዝረት ማብረጃ ዘንግ ላይ፣ ማውጣትም ማስገባትም ይቻላል። በዚያች ሰዓት ሞላው የታሰረ አውሬ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ጉልበት በአራት መንጠቆ ተይዞ ፊትህ ላይ ያፈጣል። ከመንጠቆዎቹ አንዱ ቢለቅ የሚለመን ነገር የለም።

አልፖ ያንን መጭመቂያ የገዛው በወጣትነቱ ነው። ገዛው እንጂ የእሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። መንደሩ ሁሉ ተበድሮታል። አበዳደራችን ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ዕቃ ስትመልስ ከወሰድክበት ይበልጥ አሳምረህ ነው የምትመልሰው። ጠርገህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ ጋራዡ በር ላይ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለህ፤ ከጎኑ አንድ ፓኬት ቡና ታስቀምጥና ትሄዳለህ። በር አታንኳኳም፣ ብዙ አታወራም። የሰበርከው ነገር ቢኖር ጠግነህ ትመልሳለህ፤ ስለ ጠገንከው ግን አትናገርም፣ ጉራ ይመስላላ! የሰው ዕቃ ላይ እንከን ብታይም አትናገርም፣ በነጻ ወስደህ ተጠቅመህ መተቸት ነውር ነውና። በዚህ ወግ እንኮራ ነበር። እኔም ጭምር።

በማግስቱ ጠዋት ኬርቱ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የአልፖን ቱታ ለብሳ ገባች። ጎማውን ፈታች፣ መኪናዋን በክሪክ አንስታ በብረት እግር አስደገፈች፣ አሞርዛተሩን ከነሞላው አውርዳ ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስተኛች። የተሰበረው ሞላ አጥሮ ስለነበር ብዙም ሳይጨመቅ ወጣላት። አዲሱ ግን ረጅምና ጠንካራ ነው። መንጠቆዎቹን አስገባች። ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ፣ እንደገና ግራውን። አልፖ ሁሌ እንደሚያደርገው ከጎን ቆማ ነበር፤ ከሞላው አፍ ፊት ለፊት አልነበረችም። ላይኛውን ዳዶ ለመያዝ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

እኔ ከምድጃዬ አመድ እያወጣሁ ነበር። ድምፁን ስሰማ ባልዲው ከእጄ ወደቀ። የአደን ጠመንጃ ድምፅ አውቃለሁ፤ ይኼ እንደዚያ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደወል ላይ መዶሻ የወረወሩበት ይመስል ነበር። ወጥቼ ስሮጥ በሩ ላይ ያንን ቀዳዳ አየሁ፤ በቀዳዳው በኩል የጋራዡ መብራት ይታያል። በሩን ለመክፈት ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ከበሩ ወዲያ ምን እንደማይ ስላላወቅኩ ፈራሁ።

ኬርቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ከአንጓው በላይ እጅ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል። ፊቷ እንደ ኖራ ነጭ ነው። አየችኝና «ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ኬርቱ! እጅሽ!»

«እጄን አይቼዋለሁ። ስንት ሰዓት ነው ነው የምልሽ። ቀትር ደርሷል?»

እኔ መኪና ስለሌለኝ የሰው መኪና ለምኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አጥንቱን መልሰው፣ በጀሶ ጠቅልለው፣ መርፌ ወግተው እስኪለቁን ቀትር አልፎ ሄደ። ከመጦሪያው ነርሷ ደወለች። አልፖ ጥርሱን ገጥሟል። ምሳ አልበላም። መክሰሱንም አልነካም። ኬርቱ ስልኩን ዘግታ ጀሶውን አየችው። «ያቺን በር» አለች፣ «አሁንም እያያት ነው።»

ሊመሽ ሲል ሳካሪ አንድ ቁራጭ ጣውላ በብብቱ ይዞ መጣ። ሳካሪ የእኔ ጎረቤት ነው፣ በስተቀኝ በኩል። ማንም አልጠራውም፤ ቀዳዳውን ከመንገድ አይቶ ሊደፍን ነው የመጣው። እንዲህ ነን እኛ። ጣውላውን አስደግፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ መሬት ላይ የተበታተነውን መጭመቂያ አየ፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን መንጠቆ አነሳ። ለሁለት ተሰብሯል።

«አዬ፣ ይቺው ናት» አለ።

እኔና ኬርቱ ተያየን።

«ይቺው ናት ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«የተበየደችዋ። በመኸር ስወስደው አይቻት ነበር። ቀይ ቀለም ተቀብታለች፣ ግን ከቀለሙ ሥር ብየዳው ይታያል። እኔ አላመንኳትም፤ በእሷ ፈንታ በሰንሰለት ነው ያሰርኩት።»

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ሰውየው ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው።

«አይተሃት ነበር?» አለች ኬርቱ።

«አይቻት ነበር።»

«አላመንካትም?»

«ማን ያምናታል? እንዲህ ያለ ብረት እኮ አይበየድም።»

«ከዚያም አምጥተህ ሰቀልክልኝ።»

ነገሩ ለሳካሪ የገባው ያን ጊዜ ነው። መንጠቆውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የሰው ዕቃ ነው እኮ ኬርቱ። ተበድሬ ወስጄ… ደግሞ አልፖ ታሞ እያለ የአልፖ ዕቃ አይረባም ብዬ እንዴት…»

«ቡና ሰጠኸኝ» አለች። «ዘይት ቀባህልኝ። አንዲት ቃል ግን አልሰጠኸኝም።»

ስባሪውን ከሳካሪ ተቀብዬ መብራት ሥር አየሁት። በእጄ ይዤ እያየሁት ማመን አቃተኝ። ብየዳው የያዘው ከላይ ቆዳውን ብቻ ነው። ከውስጥ ቀዩ ቀለም ስንጥቁ ድረስ ዘልቆ ገብቶ ደርቋል። እንዲህ ያለ መንጠቆ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው፤ በብየዳ ሲያሞቁት ጥንካሬው ይሄድና ከጎኑ እንደ ደረቅ ብስኩት ይሆናል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ መጽሐፍ ጭኖ በየመንደሩ ከሚዞረው የቤተ መጻሕፍት አውቶቡስ ተውሼ አንብቤዋለሁ። ሳካሪም ያውቀዋል። በያጅማ እንዴት አያውቅም?

በያጅ! የብየዳውን መስመር እንደገና አየሁት። በልብስ ስፌት መኪና የተሰፋ ይመስላል፤ እኩል እኩል፣ ጥንቅቅ ያለ። በዚህ መንደር እንዲህ የሚበይድ አንድ ሰው ነው። የመቃብር ቦታው አጥር የእሱ ነው፣ የጀልባ ማሰሪያው የእሱ ነው፣ የእኔ የጭስ መውጫ መሰላል የእሱ ነው። ሦስታችንም አወቅን። ሦስታችንም ስሙን አልጠራንም።

ኬርቱ ብቻ «ስልክ ላይ ዳቦ እያኘከ አልነበረም» አለች።

በነጋታው ጠዋት ልብስ ላለብሳት ስሄድ የካውኮ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። ወሬው ሌሊቱን ሐይቁን ተሻግሮ ደርሶት መሆን አለበት። ከጋራዡ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አዲስ መጭመቂያ ይዞ መጥቷል፣ የፋብሪካ ወረቀቱ እንኳ አልተላጠም። ማንንም ሳያስነሳ ገብቶ ሁለቱንም ሞላ ቀይሯል፣ ጎማዎቹን መልሷል፣ ወለሉን ጠርጓል። ደረጃው ላይ አንድ ፓኬት ቡና አለ። ቡናውን ሳይ ልወረውረው ነበር፤ እግዜር ይመስገን እጄ በኬርቱ ካፖርት ተይዞ ነበር።

ኬርቱ ጀሶውን አንጠልጥላ ወጣች። ካውኮ የእሷን መኪና አስነስቶ፣ የጎኑን በር ከፍቶ ቆሟል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ግቢ፣ ልውሰድሽ» አለ። «ቀትር እንዳያልፍ።»

«መጀመሪያ አፍህን ክፈት። በሩን ከዚያ በኋላ ትከፍተዋለህ።»

«ሞላው ተቀይሯል። ሁለቱም ጎን።»

«አይቻለሁ። እጅህ ድሮም ጥሩ ነው። እጅህን አልጠየቅኩህም።»

ካውኮ መሬት መሬት አየ። ሞተሩ ይሠራል። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አልፖ ትናንት ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። «ኬርቱ፣ እኔ ልንዳልሽ፣ ይኼ ሌላ ጊዜ…» ስል ዞር አለችብኝ።

«አንቺ ዝም በይ። ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር ነው እጄን የሰበረው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በዚያ ብርድ፣ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ! የባሏ ምሳ እየቀዘቀዘ፣ እሱ በር እያየ፣ እሷ ተቀመጠች። ጨካኝ መሰለችኝ። አሁን ሳስበው ግን ከሁላችን የራራችው እሷ ናት፤ ያንን ሰው ከነዝምታው ልትተወው አልፈለገችም።

ካውኮ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው የበረዶ ውኃ ብቻ ይሰማል። ባርኔጣውን በእጁ አጣመመው።

«ምን ልበል?» አለ።

«የሆነውን።»

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ባለፈው በጋ፣ የጭነት መኪናዬን ሞላ ስቀይር። ለትንሽ መኪና የተሠራ ዕቃ ነው፣ አውቅ ነበር። ከልክ በላይ አጠበቅኩት፤ ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀ። በየድኩት። ሞረድኩት። ቀባሁት። አዲስ አስመሰልኩት። አልፖ ዕቃውን ከእኔ እንደሰጠኝ እንዲያገኘው ነው… አልፖ እኮ ዕቃውን አይጠይቅም አሁን። ያንንም አውቅ ነበር።»

«ስደውልልህስ?»

ካውኮ ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ መልሶ አጠለቀ።

«ካውኮ፣ በምን ትጨምቂዋለሽ ብለህ ጠይቀኸኛል። መጠየቅህ ለምንድን ነው?»

«አፌ ላይ መጥቶ ነበር» አለ። «ዋጥኩት። ጥሩ ብየዳ ነው፣ ይይዛል ብዬ አሰብኩ።»

«አሰብክ?»

«አይ» አለ። «ይይዛል ብዬ ተመኘሁ።»

ክፉ ሰው ቢናገረው ኖሮ እንዲህ አልደነግጥም ነበር። ይህ ጓንት የሚሰቅለው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሳንቲም ነክቶ አያውቅም። ያ ሰው ስልክ ይዞ፣ የወንድሙን ሚስት ድምፅ እየሰማ፣ ነገ ጠዋት የምትቆምበትን ቦታ እያወቀ፣ ተመኘ! ከማፈር ይልቅ መመኘት ቀለለው። ፊቷ ከዚያ ሞላ መንገድ ገለል ያለው አልፖ ከጎን መቆም ስላስለመዳት ብቻ ነው። ካውኮ ምንም አላዳናትም።

ኬርቱ ተነሳች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ ማንም እንዳለች አድርጎ እንዳያወራ። «አሁን በሩን ክፈተው» አለች። እኔንም ከኋላ አስቀመጠችኝና ሄድን። ጉድጓዱ ላይ ስናልፍ መኪናዋ ምንም ድምፅ አላሰማችም።

አልፖ ከመስኮቱ ጎን ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሳህኑ ላይ በደንብ የተፈጨ የሳልሞን ሾርባ አለ። ኬርቱ በግራ እጇ ማንኪያውን አነሳች፤ እጇ ስላልለመደ ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። አልፖ ጥርሱን ገጠመ። ግራ እጇን አላወቀውም! እንደገና ሞከረች። ጭንቅላቱን አዞረ። ካውኮ ከበሩ ሥር ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል።

«ና» አለችው ሳትዞር። «ሳህኑን ያዝልኝ። እንዳይንቀሳቀስ አድርገህ ያዘው።»

መጥቶ ተንበረከከ፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ከአልፖ አገጭ ሥር ያዘ። ኬርቱ በጀሶ የታሰረውን ቀኝ እጇን አልፖ ጉልበት ላይ አሳረፈች። አልፖ ከጀሶው የወጡትን ጣቶቿን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ጨበጣቸው። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«እየበላ እያለ ንገረው» አለች ካውኮን።

«አይገባውም እኮ።»

«እሱ ባይገባው አንተ ትናገረዋለህ።»

ነገረው። «የሞላ መጭመቂያህን ሰብሬብሃለሁ» ብሎ ጀመረና ሁሉንም ነገረው። ስልኩንም፣ ዝምታውንም። አልፖ ሰማ አልሰማ አላውቅም። ሾርባውን ግን እስከ ታች በላ። ካውኮ ጀሶው እስኪፈታ ድረስ በየቀኑ እየመጣ ሳህን ያዘ። ይህን ስል ላመሰግነው አይደለም። የሚገባውን አደረገ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ወሬው መንደሩን ሲያዳርስ ሰው በካውኮ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። በሳካሪም። መንገድ ልንጠግን በጋራ በወጣንበት ቀን፣ አካፋችንን ተደግፈን ሳለን፣ ምን ሲሉ ሰማሁ መሰላችሁ?

«ምስኪን ካውኮ፣ ክፉ አላሰበ።»

«ኬርቱ ግን አበዛችው፤ ሰውን እንደዚያ ቁጭ አድርጎ ማናዘዝ…»

«ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያው ነው የሚያደርገው።»

ማንም ሰው! በዕለቱ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ያስደነገጠኝ የለም። እውነት ስለሆነ ነው። ዙሪያውን ሳያቸው አንዱ ዓይኑን ወደ ጠጠሩ መለሰ፣ ሌላው ጓንቱን ያስተካክል ጀመር። እያንዳንዳቸው በየሚስማሩ የሰቀሉትን ዕቃ እያሰቡ ነበር። አንዱ መሰላል፣ አንዱ የእንጨት መጋዝ፣ አንዱ ክሪክ። በንጹሕ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ ከቡና ጋር። ትህትና ብለን የምንጠራው ነገር ፍርሃት መሆኑን ለማወቅ የሴት እጅ መሰበር ነበረበት? ነውር እንዳይሆንብን ስንጠነቀቅ ሰው ልንቀብር ምን ቀረን?

ጮህኩባቸው። እንደለመዱት «እሷማ ሁሌ ትጮኻለች» ብለው ጠጠር መዛቅ ቀጠሉ። ከመሐል አንዲት ሴት ብቻ አካፋዋን ጥላ ወደ ቤቷ ስትሄድ አየሁ፤ የተዋሰችው መሰላል አንድ መርገጫው የበሰበሰ መሆኑን ለባለቤቱ ልትነግረው ነበር።

ስለዚህ አንተም አንቺም ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ተውሳችሁ ያበላሻችሁት፣ ጠግናችሁ የመለሳችሁት፣ ወይም እንከኑን አይታችሁ ዝም ያላችሁት ዕቃ ካለ፣ አሁኑኑ ተነሱና ለባለቤቱ ደውሉ። ቡናውን ተዉት። ቃሉን ስጡት።